ታርጋዋ የማን ናት

ሰኞ፣ የካቲት 9። ከጠዋቱ 1፡30

ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከሳሊተ ምሕረት ሲኤምሲ ለመድረስ ይሄ ሁሉ መንገድ መዘጋት ነበረበት? ረዳቱ አሁንም ሰው ይጠራል። ጉልበቴ ላይ የ4ኛ ሀ ፖስተሮች፣ ፖስተሮቹ ላይ የማላውቀው ሰው ክርን። ሁዳዴ ዛሬ ገባ፣ ቁርስ የለም። እንግዲህ ደብተሬ፣ ዛሬ ጠባዬን አትመኚው።

ከቀኑ 10፡00

ልጆቹ ሄዱ። ክፍሉ የሽሮና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል።

አዲስ ምዕራፍ ጀመርን፦ ሰዎች እንዴት ይግባባሉ? እኛ ት/ቤት ትምህርት የሚመራው በልጆች ጥያቄ ነው፣ አድማሱም ዓለም ነው። ብሮሹሩ እንደዚያ ይላል፤ በሩ ላይም ከሉል ሥዕል ጋር ተጽፏል። እኔ ደግሞ የተጻፈ ነገር አምናለሁ። ስለዚህ ልጆቹ ጥያቄያቸውን ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፣ የሚመረመረውን በድምፅ ይመርጣሉ። ድምፅ የሚሰጡት በቆርኪ ነው።

ውሻ ስንት ቋንቋ ይገባዋል። እንግሊዝኛን ማን ፈጠረው። መስማት የተሳናቸው ልጆች በምን ይሳደባሉ (ይሄ የበረከት ነው፣ ሌላ ማን ሊሆን)። ከሁሉም ሥር፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ ስም የሌለው፦ አማርኛ ስናወራ ለምን ታርጋ እናስራለን?

ቆርኪው ሁሉ እዚያ ተቆለለ። ውሻ እንኳን ተሸነፈ።

ታርጋ ልጆቹ ያወጡላት ስም ነው። ከኮምፔንሳቶ የተቆረጠች፣ መዳፍ የምታህል፣ ክር የገባባት። «ዛሬ አማርኛ አውርቻለሁ» ትላለች፣ በእንግሊዝኛ። ግቢ ውስጥ አማርኛ ሲያወራ የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ ያጠልቃታል፤ የምትወልቅለት ሌላ ልጅ ሲይዝ ብቻ ነው። እስከዚያ ኳስ የለ፣ ገመድ የለ። ሕጉ ኮሪደሩ ላይ ተለጥፏል፤ «በግቢው ውስጥ የሚገኝ ማንኛውም ሰው» ይላል። ማንኛውም ሰው ሲል እኛን አዋቂዎቹን ማለቱ እንዳልሆነ ሁላችንም ተስማምተናል፣ ማንም ሳይጠይቀን።

ከሐሙስ ጀምሮ ያለችው ሳምራዊት ጋ ነው። ዘንድሮ የመጣች ልጅ ናት። ቤት ትግርኛ፣ ሰፈር አማርኛ፣ እዚህ እንግሊዝኛ። ታርጋዋን ካሰረች ወዲህ በሦስቱም ዝም ብላለች። አጠገቧ በአማርኛ ሲንሾካሾኩ ትሰማለች፣ ግን አትይዝም። ዛሬ ለምን እንደማታስተላልፋት ጠየቅኋት፣ ሆን ብዬ በአማርኛ፣ እኔን ትያዘኝ ብዬ። ራሷን ነቀነቀችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አንጀቴን በላችው።

ረቡዕ፣ የካቲት 11። ምሳ ሰዓት

ከቢሮ መመለሴ ነው።

ወ/ሮ ሮማን የት/ቤቱ ባለቤትም ዳይሬክተርም ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፣ በኋላ ስናደድ እረሳዋለሁ። በገዛ ቪላቸው በሁለት ክፍል ጀምረው እዚህ ያደረሱት እሳቸው ናቸው። የእያንዳንዱን ልጅ ስም ያውቃሉ። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ እንግሊዝኛቸው እንዴት ይሳቅበት እንደነበር አጫውተውኛል፣ ከአንዴም ሁለቴ። በልጆቻችን ማንም አይስቅም ይላሉ፣ ነገሩ ይሄ ነው።

ጥያቄው ይቀየር አሉ። ዓርብ የካቲት 20 ኤግዚቢሽን አለ። ወላጆች ይመጣሉ፤ ት/ቤቱ ወደ ዓለም አቀፉ የትምህርት ፕሮግራም ይግባ አይግባ የሚወስኑ እንግዶችም ይመጣሉ። 4ኛ ለ ስለ ፕላስቲክ ቆሻሻ እየሠራ ነው፣ እናንተም ከነሱ ጋር ሁኑ። ፕላስቲክ የዓለም ችግር ነው፣ ማንንም አያስቀይምም።

የምንወደው ጥያቄ ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ እሱ ቃል ጽሕፈት ነው አልኩ። በአማርኛ። እሳቸውም በአማርኛ ተቆጡኝ። ማንም መጥቶ ታርጋ አላሰረልንም።

ውሌ የሚታደሰው ሰኔ ላይ እንደሆነ አስታወሱኝ። አልረሳሁም። የቤት ኪራዬ በየወሩ ያስታውሰኛል።

ጥያቄው አይቀየርም።

ዓርብ፣ የካቲት 13። ማታ 12፡30

ሾላ ገበያ ወሰድኳቸው። የፈቃድ ወረቀቱ ላይ «ሒሳብ፦ ክብደትና ልኬት» ብዬ ነው የጻፍኩት። አትይኝ እንደዚያ። ክብደትም አይተናል።

ሥራቸው ማዳመጥ ነበር። ማን ለማን በምን ያወራል። በርበሬ የምትሸጥ አንዲት ሴት ለአንዱ በጉራጊኛ፣ ለሌላዋ በኦሮምኛ፣ ለእኛ በአማርኛ፣ ለበረከት ደግሞ ዩኒፎርሙን አይታ «ሀው መች» አለችው። በረከት ዋጋውን እሱ መንገር እንዳለበት መሰለውና ግራ ገባው። ሳቅን።

ከዚያ ሳምራዊት ጠፋች። ዞር ስል ቆሎ ከምትሸጥ እናት ፊት ቁጢጥ ብላ በትግርኛ ትከራከራለች። እጇን ታወናጭፋለች፣ ተነስታ የምትሄድ ትመስላለች፣ ትመለሳለች። ያቺ ዝምተኛ ልጅ። ሴትየዋ በመጨረሻ እየሳቀች አንድ እፍኝ መረቀችላት። ክፍሉ በሙሉ ቆሎ በላ፤ የጾመውም ያልጾመውም።

አውቶቡስ ውስጥ አፏ አልተዘጋም፣ በአማርኛ። እንዴት እንዳስቀነሰች ስታስረዳ ሁሉም ወደ እሷ ዞረው ነበር። ድንገት አንዷ ሕጉ አውቶቡስ ውስጥም ይሠራል ወይ ብላ ጠየቀች። ሁሉም እኔን አዩኝ። አውቶቡሱ ያለው መንገድ ላይ ነው፣ መንገድ ደግሞ የት/ቤታችን አይደለም አልኳቸው። ወሬው ቀጠለ።

ከመውረዷ በፊት ታርጋዋን ለምን እንደማታስተላልፋት እንደገና ጠየቅኋት። አሁን መለሰችልኝ። ለማን ልስጣት ሚስ፣ ሁሉም ጓደኞቼ ናቸው አለች።

ቦርሳዋን አቀበልኳት።

ለሳምንቱ መጨረሻ የቤት ሥራ ሰጥቻለሁ፦ ቤት ያለ ትልቅ ሰው ጠይቁ። ልጅ ሳሉ በምን ቋንቋ ይቆጡዎት ነበር፣ በምንስ ያቆላምጡዎት ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 16። 11፡00

ወ/ሮ ሊዲያ፣ የበረከት እናት፣ ደውላ ጮኸችብኝ። አማቷ ከሶዶ መጥተው ቤት ናቸው። በረከት የቤት ሥራውን ሊጠይቃቸው ሲል አልተግባቡም፤ እሳቸው በወላይትኛ ይመልሳሉ፣ እሱ እናቱን ያያል። ሲያቆላምጡት የኖሩበትን ቃል ትርጉም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። ከዚያ ወላይትኛ ለምን አላስተማራችሁኝም ብሎ አለቀሰ። እኔ የምከፍለው ቤቴ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ እንድታስገቢ አይደለም አለችኝ። ለወ/ሮ ሮማንም ነግራለች።

ቃሉ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ስልኩን ዘጋችው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17። 9፡00

ከኬንያው ክፍል ጋር የቪዲዮ ቀን። በየወሩ እንገናኛለን፤ ወ/ሮ ሮማን ይህን ግንኙነት ለማግኘት ብዙ ደክመዋል፣ በብሮሹሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ፎቶው አለ። ኔትወርኩ ዛሬ ተአምር ነው፣ አልተቆረጠም።

አንድ ልጅ ሳምራዊትን አይቶ አንገትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው አላት። ቀና አድርጋ አሳየችው። መምህራቸው ጠጋ ብላ አነበበች። የገዛ እናቷ ልጅ ሳሉ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ሲናገሩ ልክ እንደዚህ ያለች የቆርቆሮ ቁራጭ ያንጠለጥሉ እንደነበር ነገረችን። እነሱም ለሌላ እስኪያስተላልፉ።

የኔ ልጆች አፋቸውን ከፈቱ። ታርጋ የወ/ሮ ሮማን ፈጠራ ነበር የሚመስላቸው፣ ለካ አገር አቋርጣ የመጣች ነገር ናት። ማን ለማን አስተላለፋት? መጀመሪያ የሠራትስ ማን ነው? ግድግዳው በአዲስ ጥያቄ ተሞላ። ዓለም አቀፍ ትምህርት አላችሁ፣ ይኸው ዓለም።

ደስ ብሎኛል። እንዲህ ደስ ካለኝ ቆየ።

ሐሙስ፣ የካቲት 19። 10፡30

ደስታዬ ሁለት ቀን አልሞላውም። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ይነሳ ተባለ። እኔ አላነሳም አልኩ። ከምሳ በኋላ ስንመለስ በላዩ ላይ ማተሚያ ቤት የተሠራ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፦ ባሕር፣ ኤሊ፣ የፕላስቲክ ከረጢት። የልጆቹ ወረቀት ሥር ነው ያለው። ዮናታን፣ የ4ኛ ለ መምህር፣ ሰቅሎ ሲወርድ ዓይኔን ማየት አልቻለም። ልጆች አሉኝ አለ። እኔስ? እኔም አሉኝ፣ አንድ ክፍል ሙሉ።

ለልጆቹ እውነቱን ነገርኳቸው። ያዘዙት ወ/ሮ ሮማን ናቸው፣ እኔ አልተስማማሁም፣ ነገ የሚቀርበው ፕላስቲክ ነው። በረከት ለኤሊው ጢም ልሣልለት ወይ አለ። አይሆንም አልኩት፤ ኤሊው ምን አደረገ። ሳምራዊት ኮሪደር ወጥታ ሕጉን ስታነብ አየኋት። ለረጅም ጊዜ አነበበችው።

ዓርብ፣ የካቲት 20። ማታ 1፡00

ቶሎ ልጻፈው፣ ሳልረሳ። እረሳለሁ እንዴ?

አዳራሹ ሙሉ ነው። ወ/ሮ ሮማን በእንግሊዝኛ ጀመሩ፤ አንዱ ዓለም፣ ክፍት አእምሮ፣ ደፋር ጥያቄ። ወላጆች በትሕትና ይሰማሉ፣ ግማሹ ስልኩን ያያል። እሳቸው ሰው ያውቃሉ፤ አዳራሹ እንደከዳቸው ገባቸውና ወደ አማርኛ ዞሩ። ያኔ አማረባቸው። ቀለዱ፣ ሰዉ ሳቀ፣ የበረከት አያት ሳይቀሩ ሰው ሲስቅ አይተው ከኋላ ሳቁ።

ሳምራዊት ተነሳች። እኔ አላዘዝኳትም፤ በማንም ፊት እምላለሁ። መድረኩ ላይ ወጣች። ታርጋዋን ከአንገቷ አወለቀች፣ ክሩን በሁለት እጇ ዘርግታ ቆመች።

እኛ ጋ በየፕሮግራሙ ልጅ ለክብር እንግዳ የአበባ ጉንጉን ያጠልቃል። ወ/ሮ ሮማን የለመዱት ይህንን ነው። ፈገግ አሉ፣ ዝቅ አሉ፣ አንገታቸውን ሰጧት። አጠለቀችላቸው። ሰዉ አጨበጨበ፣ እኔም ክው ብዬ አጨበጨብኩ። ከዚያ ወደ ታች አይተው አነበቡ።

ሳምራዊት ማይኩ ድምፅዋን እስኪይዝ ድረስ ጠጋ ብላ፣ በትሕትና፣ «አማርኛ አውርተዋል፤ ማንኛውም ሰው ይላል» አለች።

ጭብጨባው አንድ በአንድ ቆመ። የወላጆችን ፊት አየሁ። ብዙዎቹ ታርጋ የምትባል ነገር መኖሯን አያውቁም ነበር፤ ቤት ሲደርሱ ማን ያወራል። ወ/ሮ ሊዲያ ተነሳች። ልትጮህ ነው ብዬ ጠበቅኩ። በረከትን አንተም አጥልቀሃት ታውቃለህ ወይ አለችው። አዎ አለ። ተቀመጠች፣ የአማቷን እጅ ይዛ።

ወ/ሮ ሮማን አላወለቁም። ንግግራቸውን በእንግሊዝኛ ጨረሱ፣ ታርጋዋ ደረታቸው ላይ እያለች፣ ድምፃቸው እየሳሳ። አዘንኩላቸው። አዎ፣ አዘንኩ፤ ያን የዩኒቨርሲቲ ሳቅ እንደገና የሰሙ ይመስለኛል። ሲወርዱ አውልቀው እጄ ላይ ጣሏት። ያንቺ ሥራ ነው አሉኝ።

በረከት የባነሩን ጫፍ ሲልጥ አይቼዋለሁ። አልከለከልኩትም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

ወ/ሮ ሮማን ደወሉ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። ሰኞ በዓል ስለሆነ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰንደቅ ሥር፣ ሳምራዊት በእንግሊዝኛ ይቅርታ ትጠይቃለች። እኔ ለእንግዶቹ የይቅርታ ደብዳቤ እጽፋለሁ። አለበለዚያ ለከርሞ ለልጅቷ ቦታ የለም፣ ለእኔ ደግሞ እስከ ሰኔም የለም።

ቀኑን ሙሉ ልብስ አጠብኩ። የታጠበውንም አጠብኩ።

እሁድ፣ የካቲት 22። 10፡00

አቶ ኪሮስ ደወሉ፣ የሳምራዊት አባት። ጨዋ፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። እኛ እዚህ የመጣነው በሰላም ለመኖር ነው፣ ብዙ ነገር አይተናል፣ ይቅርታ ቃል ነው፣ ትበለውና ይለቅ አሉ። ያዩትን እኔ አላየሁም። ብቻ እሷ ምን ትላለች ብዬ ጠየቅኋቸው።

ስልኩን ሰጧት። ሚስ፣ እኔ አላስተላለፍኩም አለች። ታርጋዋን ያሠሩት ወ/ሮ ሮማን ናቸው፣ ለባለቤቷ ነው የመለስኩት።

አባቷ ስልኩን ተቀበሉ። ማክሰኞ እኔው ራሴ አመጣታለሁ፣ የማታምንበትን ግን አላስብላትም አሉ። ሰንደቅ ሥር የሚጠየቅ ካለ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ ጠይቁ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ አልኳቸው። እግዜር ይስጥሽ ልጄ አሉኝ።

ደብዳቤውን አልጽፍም። ፈርቻለሁ፣ ኪራዬንም አስባለሁ፣ ግን አልጽፍም።

ታርጋዋ እዚህ ናት፣ ካንቺ አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ። ማክሰኞ ሚኒባሱ ውስጥ አጠልቃታለሁ። ረዳቱ ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ። በሩ ላይ ጥበቃውን እንደ ወትሮው እንዴት አደሩ እላቸዋለሁ፣ ግቢ ከገባሁ በኋላ፣ ጮክ ብዬ። ከዚያ ሄጄ ከሳምራዊት ጎን እቆማለሁ። በዚያ ግቢ አማርኛ የማያወራ አዋቂ የለም፤ ሌላ ሰው ልያዝ ብል የምይዘው አላጣም።

ለማንም አላስተላልፋትም።