ኡራጊሩ የሚለው ግስ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ሰበታ

እሑድ ጠዋት የጥናት ጓደኛዬ ሜሮን ደውላ «መንገዱ ዝግ ነው፤ የጃፓንኛው ፈተና ተራዝሟል፣ እንዳትወጪ» አለችኝ። በከተማው በተነሳው ረብሻ ምክንያት ታክሲ ስላልነበረ አመንኳት። እሑድ ዕለቱን አዲስ አበባ ሄዳ እንደተፈተነች ዛሬ ሰማሁ። በፈተናው ጃፓን የመማር ነፃ ዕድል የሚያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ደወልኩላት።

«ባክሽ ለአንቺው ፈርቼ ነው። እኔን አጎቴ በመኪናው ወሰደኝ።»

«ለእኔ ቦታ አልነበረም?»

ወሬውን ወደ ፈተናው ክብደት ቀየረች። ዘጋሁባት።

የዛሬውን ግስ ካርድ ላይ ጻፍኩ። ንባቡ «ኡራጊሩ»፣ ትርጉሙ መክዳት። «ኡራ» ጀርባ፣ «ኪሩ» (ሲጣመር «ጊሩ») መቁረጥ ነው። እንዳንረሳው ሥዕል መጨመር ልማዳችን ነበር። የመማሪያ መጽሐፋችን ላይ የተሣለው ቢላ ነው። እኔ መኪና ሣልኩ፤ የኋላ ወንበሩን ባዶ አድርጌ።