ዘፈን ውስጥ ሞተህ ነበር

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድምዓለም፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ያ ጉልበትህ ብርድ ሲነካው ዛሬም ያስቸግርሃል ወይስ ተሻለው? እናታችንስ እንዴት ናቸው? እኔም ልጅህም ደኅና ነን፤ ስፌት ቤቱም ሥራ አላጣም፣ ተመስገን ነው።

ስለ ልጅህ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ቀን ብየዳ ይሠራል፣ ከሥራ መልስ ሂፕሆፕ ይዘፍናል። ስሙንም ነጎድጓድ ብሎታል። ለትምህርት ብለህ የላክህልኝ ጊዜ ነጎድጓድ ሲሰማ አልጋዬ ሥር ይገባ የነበረው ልጅ ነው እንግዲህ። የሰፈሩ ልጆች እሱ ኮፍያውን ካዞረ ያዞራሉ፣ እሱ እያነከሰ ከሄደ ሁሉም ያነክሳሉ። እሱ ያነከሰው እኮ ጫማው ጠቦት ነው።

ባለፈው ወር ታክሲ ውስጥ ዘፈኑ ተከፈተ። አጠገቤ ላለችው ሴት እኔ ያሳደግኩት ልጅ ነው ልላት አፌን ስከፍት፣ እናት አባት እንደሌለው፣ አስፋልት ብቻውን እንዳሳደገው ይዘፍናል። አፌን መልሼ ገጠምኩ። አንተን ከነሚስትህ ቀብሮ፣ እኔን ከነጭራሹ ያልተፈጠርኩ አደረገኝ።

እራት ላይ ስጠይቀው፣ መከራ ያላየ ራፐር ማን ይሰማዋል አለኝ። እኔም አስፋልት ከሆነ ያሳደገህ ራትህንም ከሱ ተቀበል ብዬ ድስቱን ከደንኩ። ተኮራርፈን ሰነበትን።

የመለሰው ግን የኔ ቁጣ አይደለም። ግድግዳ የምንጋራት አንዲት ልብስ አጣቢ አለች፤ ልጅህ ትንሽ ሆኖ ሲታመም አዝላ ክሊኒክ ያደረሰችው እሷ ናት። ሰሞኑን ትንሹ ልጇ ሲባልግባት ማን ነው ያሳደገህ ብላ ብትቆጣው፣ አስፋልት ብሎ መለሰላት። ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅህ በር ላይ ቆሞ ያያት ነበር። ገባና፣ አክስቴ፣ እነዚህ ልጆች እኔ ያልኩትን ሁሉ ይላሉ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ኮፍያህን ሲያዞሩ አላየህም ወይ አልኩት። ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ።

እሁድ የሰፈሩ ወጣቶች ባዘጋጁት መድረክ ላይ ወጣ፤ ግጥሙን ቀይሮታል። አጣቢዋን በጀርባዋ፣ እኔን በመርፌዬ አነሳን፤ የከደንኩትን ድስት እንኳ አልማረውም። እናትና አባቴ ሩቅ ናቸው እንጂ አሉ ሲል ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አጣቢዋ ተነስታ ጨፈረች፤ ትንሹ ልጇም ኮፍያውን አዙሮ የእናቱን ስንኝ እየደጋገመ ይጮኻል። አላለቀስኩም ብልህ ውሸት ነው።

አሁን ስቱዲዮ ገብቶ ሊቀዳው ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል። ከሥራ ስትመለስ በሩ ጋ ስትደርስ የምታፏጨውን ልጅህ ዛሬም አልረሳውም። ዘፈኑ በዚያ ፉጨት ካልጀመረ አልቀዳም ብሎ መነሻውን ባዶ ትቶልሃል። በሰው ስልክም ቢሆን ቀድተህ ላክልን። ከንፈሬ ደርቋል፣ አርጅቻለሁ ብትል አልሰማህም።

የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ፤ ሚስትህን ልጅሽ እናት አለኝ ብሎ በአደባባይ መሰከረ በልልኝ፤ ትንሿ ልጅህ ወንድሟን ሰምታ ኮፍያ እንዳታዞርብህ። አንተ ግን አፏጭ።

እህትህ
ከስፌት ቤቱ መስኮት ሥር
ጥቅምት ፲፬ ቀን