ከፍንዳታው በፊት ያለችው ደቂቃ

ሰኞ

አምስቱም ወደ ግራ ዞሩ። አንድ ሁለቱ ቢሆኑ ምንም አይደል። አምስቱም!

ዛሬ ከምሳ በኋላ ላብራቶሪ ውስጥ የመመረቂያ ሥራችንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአምስት ተማሪዎች አሳየን። እኔና ረመዳን ስድስት ወር የለፋንበት የቪአር አኒሜሽን ነው፤ መነጽሩን ያጠለቀ ሰው የዩኒቨርስን አጀማመር መሃሉ ተቀምጦ ያያል። አማካሪያችን መምህር ደረጀ "ከውጭ ሆኖ ማየት የለም፤ ያኔ ውጭ የሚባል ነገር አልነበረም" እያሉ ሦስት ጊዜ አስቀይረውናል። አሁን ቅደም ተከተሉ ይኸው፦

አንድ ደቂቃ ጨለማ።
ፍንዳታው። (ረመዳን "ፍንዳታ አትበይው፣ መስፋፋት ነው" ይላል። እሺ፣ መስፋፋቱ።)
ትኩስ ጭጋግ።
ጭጋጉ ሲገፈፍ የመጀመሪያው ብርሃን።
ከዋክብት፣ ጋላክሲዎች፣ መጨረሻ ላይ ትንሽዬ መሬት።

ጨለማው ውስጥ ምንም የለም። እኔ ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ባዶ ለመሥራት ደግሞ ምን ጥበብ ይጠይቃል? ግን ሃያ ሰከንድ አለፍ ሲል አምስቱም በየተራ አንገታቸውን ወደ ግራ አዞሩ። አንዷ መነጽሩን ስታወልቅ "አጠገቤ የቆመው ማነው?" አለችኝ። በግራዋ ያለው ግድግዳ ነው።

ረመዳን ሄዶ ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰው። ደስ አላለኝም።

አርብ ግምገማ ነው። አምና በሌላ ሥራ ወድቄያለሁ፤ ዘንድሮ ከወደቅኩ ሌላ ዕድል የለኝም። ባዶ እጄን በደሳ ከተማ እናቴ ቤት መግባቴ ነው። እናቴ "ምን ሆነሽ ነው?" እንኳ አትለኝም፤ ዝም ብላ ምሳ ታቀርብልኛለች። እሱን ነው የምፈራው።

ማክሰኞ

ጠዋቱን ሙሉ ጨለማውን ፈተሽኩ። ምስሉ ላይ አንዳች ነገር የለም። የቀረኝ ድምፁ ነው።

ድምፁ የእውነት ዝምታ ነው። ድምፅ ጭራሽ ካጠፋን ሰው ማዳመጫው የተበላሸ ስለሚመስለው፣ ከወር በፊት መቻራ ሄደን ዋሻ ውስጥ ዝምታ ቀዳን። ያ መንገድ! ወገቤ እስካሁን አልዳነም። የወሰዱን የረመዳን አጎት ኦቦ ሙሜ ናቸው። ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ጨለማው "አሰላሙ አለይኩም! ነገያ?" አሉ፤ ደህና ናችሁ ወይ ማለታቸው ነው። ከዚያ ሰው እንደሚያሳልፍ ሰው ከመግቢያው ፈቀቅ ብለው ቆሙ። እኛንም አቆሙን። ትንሽ ቆይተው "በሉ ግቡ" አሉን።

ማይኩ ከደጅ ጀምሮ ክፍት ስለነበር ሰላምታቸውም ተቀድቷል። እኔ ቆርጬ ጣልኩት። ዓለም ሳይፈጠር ማን ለማን ሰላም ይላል?

ዛሬ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ሰማሁት። ሃያ ሦስተኛው ሰከንድ ላይ፣ በግራ ጆሮ በኩል። ቀስ ያለ ትንፋሽ። ማዳመጫውን አወለቅኩ፤ ወዲያው ግን ሳቄ መጣ።

"የአጎትህ ትንፋሽ ነው!" አልኩት ረመዳንን።

"ማሂ፣ አጎቴ መች ገቡ?"

እውነቱን ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደጅ ነው የቀሩት። ማይኩን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ረመዳን በቀኜ ነበር። በግራዬ የዋሻው ግድግዳ ብቻ።

"የራሴ ትንፋሽ ነዋ!" ብዬ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። ትንፋሹን አጠፋሁት። ደግሜ ሰማሁት፣ የለም። ከዚያ ሁለት አዲስ ልጆች ጠርተን አስቀመጥን።

ሁለቱም ወደ ግራ ዞሩ።

ረቡዕ

ረመዳን አልመጣም። ስደውልለት "እኔ በቃኝ" አለኝ። "ሰላምታውን ቆርጠሽ ሳያስፈቅድ እንደገባ ሰው አደረግሽን።"

"አንተ የሳይንስ ተማሪ አይደለህም እንዴ?"

"ነኝ። መነጽሩን ግን አላጠልቅም።"

አፌ እንዳመጣልኝ ተናግሬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። አሁን ቆጭቶኛል። ከዋክብቱና ጋላክሲዎቹ ያሉት እሱ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ እንዴት እንደሚገጣጠሙ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። አይ እኔ!

ብቻዬን የሞከርኩት፦

ዝምታውን አውጥቼ ያለምንም ድምፅ። የዶርም ጓደኛዬ "ደነቆርኩ እንዴ?" ብላ መነጽሩን ወረወረችው። የዲፓርትመንቱ መነጽር! ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

የዝናብ ድምፅ። ዩኒቨርስ ሳይጀመር የምን ዝናብ? ሰረዝኩት።

ጨለማውን ማውጣት። መምህር ደረጀን ሳማክራቸው "ከሥራችሁ ሁሉ እኔ የወደድኩት ጨለማውን ነው፤ እንዳትነኩት" አሉኝ። እሺ።

አንድ ነገር ልጻፍ፣ ማንም አያነበውም። እኔ ራሴ ያቺን ደቂቃ እስከ መጨረሻዋ ተቀምጬባት አላውቅም። ሁልጊዜ አሥራ አምስት ሰከንድ ላይ "ይሠራል" ብዬ አወልቃለሁ።

ከሰዓት መብራት ሄደ። ጉሙ ከተራራው ወርዶ የላብራቶሪውን መስኮት ሸፈነው። ብቻዬን ነበርኩ። ስክሪኑ ጠፍቷል፣ ማዳመጫው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እኔ ግን የግራ ትከሻዬን ቀዘቀዘኝ። እግሬ አውጪኝ ብዬ ዋናው በር ድረስ ሮጥኩ። ባጃጆቹ መሃል ቆሜ ነው ትንፋሼ የተመለሰው። አንዱ ሹፌር "ማን አባረረሽ?" አለኝ።

ሐሙስ

አራት ሰዓት ላይ ረመዳን ኦቦ ሙሜን እየመራ ላብራቶሪ ገባ። ለዓይናቸው ሕክምና እዚህ ጭሮ መጥተው ነው። እሱም ይቅርታ አላለኝ፣ እኔም አላልኩት፤ ወንበር ብቻ ሳበላቸው።

"እሳቸው ይዩት" አለ።

"እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ ምን አያለሁ?" አሉ ኦቦ ሙሜ።

"ጨለማ ነው፣ ዓይን አይፈልግም" አልኳቸው።

"ለሱማ እኔ ጎበዝ ነኝ" ብለው ሳቁ።

ከጥምጣማቸው በላይ መነጽሩን አጠለቅኩላቸው። ረመዳን ሰዓት ያዘ። ሃያ ሰከንድ። ሃያ አምስት። አልዞሩም። ግራ እጃቸውን ብቻ ከጉልበታቸው አንስተው፣ ሰውን ታገሥ እንደሚሉ፣ አየር ላይ አቆዩት። እኔ ወደ በሩ ተጠጋሁ፤ ውሸት አልጽፍም፣ ፈርቼ ነው።

ሲያወልቁ "ሰላምታዬ የት ሄደ?" አሉ።

"ቆረጥኩት፣ ኦቦ ሙሜ።"

"ለምን?"

"ያኔ ሰው ስላልነበረ።"

"ሰው አይቼ ነው እንዴ እኔ ሰላም ያልኩት?"

አላስችል ብሎኝ "ታዲያ እዚያ ውስጥ ያለው ማነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ምን አውቃለሁ?" አሉ። "ስለማላውቅ ነዋ ሰላም የምለው!"

እሳቸው ወደ ሐኪም ከሄዱ በኋላ እኔና ረመዳን ዋናውን ቅጂ አወጣን። ሰላምታውን ጨለማው መግቢያ ላይ መለስነው። ያጠፋሁትን ትንፋሽም መለስኩት። መምህር ደረጀ ሰምተው "ነገ 'ማነው ሰላም ያለው?' ብለው ቢጠይቋችሁ መልስ አላችሁ?" አሉ። የለንም አልኳቸው። እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

አርብ

አለፍን! አለፍን፣ አለፍን!

በቅደም ተከተል ለመጻፍ ልሞክር። መጀመሪያ የተቀመጡት የፊዚክሱ መምህር ናቸው፤ ሳቅ የሚባል የማያውቁ፣ አምና የጣሉኝ እሳቸው። ጨለማው ጀመረ። የኦቦ ሙሜ ድምፅ ከማዳመጫው በስሱ ተሰማኝ። መምህሩ ሳያስቡት "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና" ብለው መለሱ! ረመዳን ሳቁን ለመደበቅ አጎነበሰ። እኔ ግን ግራቸውን ነበር የማየው። ሃያ ሦስት ሰከንድ። አልዞሩም። ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በጣም ትንሽ፣ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም፣ ወደ ቀኝ ሳብ አደረጉት። ሌሎቹ ሁለት ገምጋሚዎችም ተራቸው ሲደርስ እንደዚያው።

ሲጨርሱ የምፈራው ጥያቄ ከፊዚክሱ መምህር መጣ። "ከመጀመሪያው በፊት ማነው ሰላም የሚለው?"

"አናውቅም" አልኩ።

ጻፉ። ብዙ ጻፉ። ከዚያ "ሰላምታው ይቆይ" አሉ።

ለእናቴ ደወልኩላት። እልልታዋን በደሳ ሁሉ ሳይሰማው አልቀረም። ረመዳን ሻይ እንጠጣ አለኝ፤ ቀድመህ ሂድ፣ ዕቃ ሰብስቤ እመጣለሁ አልኩት። በሩን ዘጋሁና መነጽሩን አጠለቅኩ። ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ውጭ ፀሐይ ነው፣ ልጆች ሜዳው ላይ ይጫወታሉ፣ ምን ይመጣብኛል?

ሰላምታው መጣ። "ደህና" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። አሥራ አምስት ሰከንድ አለፈ። አላወለቅኩም። ሃያ። ሃያ ሦስት ላይ ያ ትንፋሽ መጣ፣ በግራዬ፣ ቅርብ። ዞሬ አላየሁም።

ከዚያ ጭጋጉ ተገፈፈ፣ ብርሃኑ ሆነ፣ የረመዳን ከዋክብት አንድ በአንድ ቦግ አሉ። እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ። መነጽሩን ሳወልቅ የተቀመጥኩት ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው፣ በቀኝ በኩል። ግማሹን ለቅቄያለሁ።