አራት ሚሊ

ኖቬምበር 12
ዜሮ። የመዝሪያው ወር ገብቶም ጠብ አላለም። የእርሻ ባለሙያው የሰጠኝን የዝናብ መለኪያ አጠብኩ፤ ጉንዳን ገብቶበት ነበር። ዘጠኝ ዓመት በየማለዳው አንብቤ ጽፌአለሁ። ባለቤቴ ቢና ቾልዌ፣ የልጄ የቾልዌ እናት፣ የተቀበረች ቀን እንኳ አልዘለልኩም። ቁጥር ያስተማረችኝ እሷው አይደለች?

ኖቬምበር 15
ፓስተር ሙንሳካ ለዝናብ የሦስት ቀን ጾም አወጀ። እጾማለሁ እንጂ! የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነኝ። ጡቡንም የጠፈጠፍኩት በእጄ ነው።

ኖቬምበር 19፣ እሑድ
ዘነበ! ሰው ሲጨፍር እኔም ዘለልኩ... ጉልበቴን አመመኝ። ለካሁ። አራት ሚሊ። አፈሩን በጣቴ ቆፈርኩ፤ ከሥር ዱቄት ነው።
ፓስተሩ በስብከቱ፣ «ጌታ ሰጥቷል! ነገ የማይዘራ እምነት የለውም» አለ። ተነሣሁ።
«አራት ሚሊ ነው፣ ፓስተር። ሃያ አምስት ሳይሞላ ዘር አይጣልም።»
«የጌታን ስጦታ ትሰፍራለህ? ዳዊት ሕዝብ ቆጥሮ የደረሰበትን ረሳኸው?»
«ኖኅስ መርከቡን በግምት ነው የሠራው?»
ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ኖቬምበር 20
አገሩ ሁሉ እየዘራ ነው። ልጄ ቾልዌ መጣች። አራት ልጆች፣ አንድ ከረጢት ዘር። ሌላ የላትም።
«አባዬ፣ ሴቶቹ ሰላምታ ነሱኝ። የከሃዲው ልጅ አሉኝ።»
«ይበሉሽ።»
«አንተማ ምን አለብህ! ዝናቡ ቢቀጥልና ሳልዘራ ብቀርስ? ልጆቼን ሚሊ ላብላቸው?»
«ጠብቂ» አልኳት። ከረጢቱን እኔ ዘንድ ወርውራ ሄደች። ብሳሳትስ?...

ኖቬምበር 23
ፓስተሩ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። መለኪያውን በጉባኤ ፊት ስበር፣ ይቅርታ ጠይቅ፣ አለዚያ ሽማግሌነትህ ቀረ፣ አለኝ።
«ይቅራ» አልኩት። «ጡቤንም ነቅላችሁ መልሱልኝ።»

ኖቬምበር 30
ዜሮ። ግን የሰው በቆሎ በቅሎ ጣት አክሏል። ቾልዌ መንገድ ላይ አይታኝ ፊቷን አዞረች። ጌታዬ፣ በስተርጅና ልታዋርደኝ ነው? ሌላ ሰው አጣህ?

ዲሴምበር 9
ዜሮ። በቆሎው ተቃጠለ። የሁሉም። ደስ አላለኝም... እሺ፣ ትንሽ ብሎኛል። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ዲሴምበር 14
ዝናብ ሲወርድ አደረ። ማለዳ ስወጣ አጥሩ ዙሪያ ሰው ቆሟል። ቾልዌን ሰላምታ የነሷት ሴቶች፣ የተረፈቻቸውን ጭብጥ ዘር በጨርቅ ቋጥረው። ቾልዌ ከፊት ናት። ከመንገዱ ማዶ ፓስተር ሙንሳካ፣ ዶማ በትከሻው።
ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ሽማግሌነቱን ቢነጥቁኝም ጮክ ብዬ ጸለይኩ። ማን ይከለክለኛል? ከዚያ ጎንበስ ብዬ አነበብኩ።
«ሠላሳ ሦስት!»
«አሜን» አሉ።
ቾልዌ ከረጢቷን ተሸከመች። «ተነሥ እንጂ አባዬ፣ በሬዎቹን ጥመድልኝ» አለችኝ።
ፓስተሩ አልጠየቀኝም። አንገቱን ግን አስግጓል። እንዲሰማ ቁጥሩን ደገምኩለት።