ጎመኑን ነቅላችሁ ስፍራውን አረንጓዴ አድርጉ ላሉን ክቡር ኃላፊ

ለመናፈሻና አረንጓዴ ስፍራዎች ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ጸሐፊዎም፣ ማኅተምዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከወገብ ሕመም በቀር ደህና ነን፤ ወገባችንም የታመመው በበጎ ፈቃድ ስለሆነ ማንንም አንከስም።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በወጣሁ በሁለተኛው ወር፣ መስኮት ላይ ተቀምጬ የአማቼን መኪና አቋቋም ስተች ልጄ ሰለቻትና «አባባ፣ ወይ ሥራ ፈልግ ወይ መጋረጃውን ልዝጋው» አለችኝ። በዚህ ምክንያት ከጤና ጣቢያው አጥር ጀርባ ባለው ባዶ መሬት የሚሠራውን የአትክልት በጎ ፈቃደኞች ማኅበር ተቀላቀልኩ። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ባዶ መሬት ያልኩት ለአክብሮት ነው እንጂ ጽሕፈት ቤትዎ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም እንዳይነካው የጠበቀው የቆሻሻ ክምር ነበር። የተሰበረ ጠርሙስ፣ ያረጀ ፍራሽና በር የሌለው ማቀዝቀዣ ስናወጣ አራት ወር ፈጀብን። ዛሬ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሽንኩርት ይበቅልበታል፤ ምርቱም በጤና ጣቢያው ለሚተኙ ወላዶች ሾርባ ይሆናል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የካሮቱን ቡቃያ አረም መስሎኝ አንድ ሙሉ መስመር ነቅዬ «ሹፌሩ፣ ተሳፋሪውን ሁሉ ያለ ፌርማታ አወረድከው እኮ!» ተብያለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን የካሮት መደብ ተጠሪ ሆኛለሁ።

አሁን ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1. ስለ ውሃው እናመሰግናለን። «መስመሩ የተፈቀደው ለአበባ እንጂ ለሚበላ ነገር አይደለም» ተብሎ ከተቆረጠብን ጀምሮ፣ እትዬ መሬቱን ከሚያዋስነው ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ፣ በመታጠቢያ ቤታቸው መስኮት በኩል የውሃ ጎማ አውርደው ያጠጡልናል። እሳቸው ገላቸውን የሚታጠቡበት ቀን ካሮቱ ይጠማዋል፣ ካሮቱ የሚጠጣበት ቀን ደግሞ እሳቸው ፎጣ ይዘው ይጠብቃሉ፤ እስካሁን ከሁለቱም ወገን የቀረበ ቅሬታ የለም።

2. ስለ ችግኝ ተከላው እናመሰግናለን። አምና በክብር መጥተው፣ ችግኙን ከነፕላስቲኩ ተክለው፣ ካሜራው እስኪደርስ ጠብቀው ውሃ አጠጥተው፣ በሽንኩርቱ መደብ ላይ አቋርጠው ወደ መኪናዎ ተመለሱ። ጫማዎ ቁጥር አርባ ሦስት መሆኑን ጫማ ሠሪው አባላችን ዱካውን በዐይኑ ለክቶ ነግሮናል። ችግኙ በሳምንቱ ደረቀ። ዘንድሮ ተመልሰው በዚያው ጉድጓድ ሌላ ስለተከሉ፣ አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈር ድካም አሳርፈውናል።

3. ሦስተኛውን ለመጻፍ ግን ብዕሬ ትንሽ ከብዶኛል። በአሥር ቀን ውስጥ አትክልቱ ሁሉ ተነቅሎ ስፍራው «አረንጓዴ እንዲሆን» የሚያዘው ደብዳቤዎ ሲደርሰን፣ መነጽር ተቀባብለን ሦስት ጊዜ አነበብነው። እትዬ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና መኮትኮታቸውን ቀጠሉ። እኔ ጋሪው ላይ ተቀመጥኩ። በሥራ ዘመኔ ስንት መስመር ሲዘጋ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን አዝኜ አላውቅም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ስድስት ሠራተኞችና አንድ ኃላፊያቸው አካፋና ዶማ ጭነው መጡ። እኛም አሥራ ዘጠኝ ሆነን መደቦቹ መካከል ቆምን፤ ከመካከላችን ስምንቱ በምርኩዝ ነበር የቆሙት። የሠራተኞቹ ኃላፊ ትእዛዙን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «በስፍራው የሚገኝ አረምና አላስፈላጊ ተክል ሁሉ ይነቀል።»

እትዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ አላስፈላጊው የቱ ነው? አንተ አሳየኝ እንጂ እኔው ራሴ እነቅለዋለሁ» አሉት።

ሰውየው በመደቦቹ መካከል ወዲያና ወዲህ አለ። በዚህ መሐል የጤና ጣቢያው ወጥ ሠሪ ሳፋዋን ይዛ በጓሮው በር ብቅ አለችና፣ ምን እንደተፈጠረ ሳታውቅ «ኧረ ቶሎ በሉ፣ ዛሬ አሥራ አንድ አራስ አለኝ! የማንን ሬሳ ነው ከባችሁ የቆማችሁት?» ብላ ጮኸች። ሰውየው ሳፋውን አየ፣ እትዬን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ «አረሙን ብቻ!» አለ።

ክቡር ሆይ፣ ስድስት ጎልማሶች እስከ እኩለ ቀን ጎንበስ ብለው አረሙን ሲለቅሙልን ማየት እንዴት ያለ ደስታ መሰለዎት! እኛ በወር የማንጨርሰውን በአንድ ጠዋት ጨረሱት። ሲጨርሱም ሾርባ ጠጡ፤ ሰውየው ሪፖርቱ ላይ «ትእዛዙ ተፈጽሟል» ብሎ ፈረመ። ከሠራተኞቹ ሁለቱ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ በነጻ ይሠራሉ።

እኛም የአካባቢውን ሰው ፊርማ አሰባስበን አቤት አልን። ባለፈው ሰኞ ከጽሕፈት ቤትዎ በደረሰን ሁለተኛ ደብዳቤ፣ አትክልቱ «በጊዜያዊነት ለአምስት ዓመት» እንዲቆይ ፈቅደውልናል። ለእኔ ቢጤ ጡረተኛ አምስት ዓመት ጊዜያዊ አይባልም። ደብዳቤውን ሲያነቡልን እትዬ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ አለቀሱ፣ ከዚያ «በሉ ሥራ አትፍቱ» ብለው ዶማችንን አስነሡን።

እንግዲህ የቀረን ልመና አንድ ብቻ ነው፤ ውሃው ይለቀቅልን። ለጎመኑ ብለው ባይሆንም እንኳ እትዬ ሲፈልጉ እንዲታጠቡ ብለው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለብዕርዎ ጥቂት ዕረፍት እየተመኘሁ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር፣ የካሮት መደብ ተጠሪ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ካለፈው ወር ጀምሮ አንዲት ነጭ ባርኔጣ የሚያደርጉ፣ እጃቸው ፈጣን የሆነ እናት ቀይ ሥሩን ይኮተኩቱልናል። የእርስዎ ወላጅ እናት መሆናቸውን የነገሩን ገና ትናንት ነው። ይህን ደብዳቤ በጤና ጣቢያው በር ላይ ከመለጠፋችን በፊት ረቂቁን አንብበው፣ ሁለት ቦታ ላይ «እዚህ ጋ ራርታችሁለታል» ብለው አርመውልናል። እሑድ ቤታቸው ለምሳ እንዳይቀሩም አደራ ብለዋል።