ተኝተው ይምጡ

አሰላ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለእዮኤል ሣህሌ
ጅግጅጋ

እንደምን ሰነበትክልኝ ልጄ? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። የሽምግልናው መልስ ለምን ሁለት ሳምንት እንደዘገየ ስትጠይቀኝ "ወግ ነው" ብዬህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ። እውነቱን በስልክ ብነግርህ መሀል ላይ በሳቅ ስለምታቋርጠኝ በወረቀት ጻፍኩልህ።

ጥር 18፣ እሑድ፣ ከጎረቤታችን ከከሊፋ ጋር በሚኒባስ በቆጂ ሄድን። ንግግሬን ሳምንት ሙሉ አጥንቻለሁ። የምናጭልህ የትንቢት አባት፣ በእውቀቱ፣ በር ላይ ተቀበለን። ስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ ሸብቶ እስካሁን "ቲቸር" ይለኛል። እናቷ ሐመልማል የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ትንቢት እንደ ወጉ ከጓዳ አልወጣችም።

ቆመን ልንናገር ብንል "ኧረ በሞቴ ይቀመጡ!" ብለው ሶፋ ላይ አስቀመጡኝ። ጥፋቱ የሶፋው ነው። ውጭው ብርድ፣ ቤቱ ሙቀት። ከጓዳ የሴቶች ወሬ፣ የሳህን ኳኳታ፣ የሕፃን ሳቅ ይሰማል። የትንቢት አጎት የዘር ሐረግ መቁጠር ጀመረ። ሦስተኛው ቅድመ አያት ላይ ስንደርስ ትዝ ይለኛል። አራተኛውን ግን አልተዋወቅሁትም።

"ቲቸር፣ እስቲ ስለ ልጅዎ ጠባይ ይንገሩን" ብሎኝ ኖሯል በእውቀቱ። ከሊፋ በክርኑ ጎሸም ሲያደርገኝ ባነንኩና ባለ በሌለ ድምፄ፣

"ወራጅ አለ!" አልኩ።

 ከጓዳ አንዲት ልጅ ሳቋ አመለጣት፤ በኋላ እንደሰማሁት ያንተዋ ናት። ከሊፋ ጉሮሮውን ጠረገና፣

"ሣህሌ ለማለት የፈለገው፣ ልጁ ከወንደላጤነት መውረድ ፈልጓል ነው" አለ።

በዚህ አድኖኝ ነበር። እኔ ግን ባለቤቶቹ ሊመካከሩ ዘወር ከማለታቸው ደግሜ ተኛሁ። ስነቃ ጫማዬ ወልቋል፣ ብርድ ልብስ ለብሻለሁ፣ ለካ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኝቻለሁ። ሐመልማል "እንዳትቀሰቅሷቸው" እያለች ቤተሰቡን ሁሉ በእግሩ ጣት ታስኬዳለች።

ይቅርታ ልጠይቅ ብድግ ስል የደም ግፊት መለኪያ ክንዴ ላይ ጠመጠመች። ቁጥሩን አይታ ከንፈሯን ነከሰች።

"ማታ ስንት ሰዓት ይተኛሉ ጋሼ?"

"በቂ ነው።"

"ሦስት ሰዓት ከተኛ ድግስ ነው" አለ ከሊፋ። "ባለቤቱ ካረፈች ዘጠኝ ወሯ ነው። ከዚያ ወዲህ መብራቱ ሲጠፋ አላየሁም። ባለፈው ሻይ ውስጥ ጨው ጨምሮ ሰጠኝ። እንዳይከፋው ጠጣሁት።"

ሐመልማል አልሳቀችም። "ግፊቱም፣ መርሳቱም፣ መነጫነጩም ከዚሁ ይመጣል። ልብም አእምሮም የሚጠገነው ስንተኛ ነው። እናንተ ግን እንቅልፍ ስንፍና ይመስላችኋል።"

"እኔን ጠይቂኝ!" አለ በእውቀቱ። "ክፍል ውስጥ አሸልቤ፣ ቲቸር በጆሮዬ ጎትተው ሰንደቅ ዓላማው ሥር አንበርክከውኛል። ሌሊቱን ግን ገብሳችንን ከጃርት ስጠብቅ ነበር ያደርኩት።"

አስታወስኩት። ለምን እንደተኛ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም ነበር።

በእውቀቱ ቀጠለና "እኔ እንደርስዎ አልጨክንም" አለኝ። "መልሳችንን የዛሬ ሁለት ሳምንት እንሰጣለን። ተኝተው ይምጡ።"

በጥሎሽ ወርቅ ሲጠየቅ፣ ቀሚስ ሲጠየቅ ሰምቻለሁ። እንቅልፍ የተጠየቀ የመጀመሪያው አባት ግን እኔ ሳልሆን አልቀርም።

የሐመልማል ትእዛዝ ብዙ ነው። ከምሳ በኋላ ቡና የለም። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት አልጋ መግባት፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ መራመድ፤ ስልክ ደግሞ መኝታ ቤት አይገባም። ተቆጣጣሪው ከሊፋ ሆነ። ማታ መጥቶ "ወዲህ በል" ብሎ ስልኬን ይወስዳል። ጠዋት ከሱብሒ ሶላት ሲመለስ በሩን ያንኳኳል።

"ስንት ሰዓት ተኛህ?"

"ስምንት!"

ዓይኔን ትክ ብሎ ያይና "በስንት ቀን?" ይለኛል።

በአምስተኛው ቀን መዋሸቱ ደከመኝ። "ከሊፋ፣ ጋደም እላለሁ፤ ቤቱ ግን ዝም ይላል። እዚያ የተኛሁት የሰው ድምፅ ስለነበረ ነው" አልኩት።  ማታ ፍራሹን ተሸክሞ መጣ። ሳሎን አነጠፈና "ረፊ! ተኛ!" ብሎኝ እሱው ቀድሞ ማንኮራፋት ጀመረ። ተራ ማንኮራፋት እንዳይመስልህ፤ ያረጀ ኮምባይነር ስንዴ ሲያጭድ ነው። እኔም እሱን ስሰማ፣ ስሰማ፣ ነግቶ አገኘሁት።

ጠዋት ባለቤቱ አይሻ ቁርስ ይዛልን መጣች። ባሏን ስለወሰድኩባት ይቅርታ ልጠይቃት ስል "ኧረ ያቆዩልኝ ጋሼ!" አለችኝ። "ካገባሁት ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ ጠግቤ የተኛሁት ትናንት ነው።"

ከሊፋ ሳምንት አደረልኝ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች ብቻዬን ሞከርኩት፤ ሆነልኝ። ሻዩም ወደ ስኳሩ ተመልሷል።

ትናንት እንደገና በቆጂ ሄድን። ይቀመጡ ቢሉኝ እምቢ ብዬ፣ ቆሜ ስለ አንተ ተናገርኩ። እናትህን ለማስታመም ሥራህን ጥለህ መምጣትህንም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

"ስንት ሰዓት ተኙ ቲቸር?" አለ በእውቀቱ።

"ሰባት ሰዓት ከሩብ።"

ወደ ከሊፋ ዞረ። "ወላሂ፣ በሩ ላይ ቆሜ አዳምጫለሁ" አለ ከሊፋ።

"እንግዲያው ልጃችንን ሰጥተናል።"

ጓዳው በእልልታ ተናጋ። እኔ በእውቀቱን ጎንበስ ብዬ ስለዚያ ሰንደቅ ዓላማ ይቅርታ ለመንኩት። አቅፎ ቀና አደረገኝና "ይቅር ብዬዎታለሁ። ቀኝ ጆሮዬን ግን ይዩት፤ እስካሁን ከግራው ይረዝማል" አለኝ። ሰርጉ በግንቦት ነው፣ ከእናትህ ሙት ዓመት በኋላ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ባለፉት ወራት ሌሊት ሌሊት ስልኬን ስከፍት፣ ስምህ አጠገብ ያቺ አረንጓዴ ነጥብ በርታ አያታለሁ። አንዳንዴ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንዳንዴ አሥር። "ለምን አልተኛህም?" ብዬ እጽፍና እሰርዘዋለሁ፤ ጥያቄውን ወደ እኔ እንዳትመልሰው። ሲነጋ ትደውልና "እንዴት አደርክ አባዬ?" ትለኛለህ። "ለጥ ብዬ" እልሃለሁ። አንተም "እኔም" ትለኛለህ።

ለፋሲካ ፈቃድ ውሰድና ና። ሳሎኑ ሁለት ፍራሽ ይይዛል። እኔም እንደ ከሊፋ ባይሆን፣ ትንሽ ትንሽ አንኮራፋለሁ።

ገብርኤል በክንፉ ይጋርድህ። ጎንህን በሰላም ያሳርፍልህ፤ ትዳርህን ያቅናልህ፤ በልጆች ጫጫታ የምትባንንበትን ዘመን ያምጣልህ። እስከዚያ ግን ተኛ ልጄ።

አባትህ
ሣህሌ ወልደ ሚካኤል