ስለ ሁለቱ ቀዛፊዎች ያልነገርኩህ

ለላምቤቦ፣ ለማርታ አባት፤

ከተለየኸን ሁለት መስቀል አለፈ። በሬ አብረውህ ያርዱ የነበሩት ጎረቤቶች ድርሻህን አልሰረዙም፤ ዘንድሮም በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ መጣ። በልተንልሃል። ማርታ በቁመት አልፋኛለች። የጓሮውን አጥር እኔው አጠርኩት፤ ወደ መንገዱ አዘንብሏል፣ አንተ ስታጥረውም ያዘነብል ነበር።

ይህን የምጽፍልህ ግን ስለ ሁለቱ ፈረንጆችህ ነው።

ሚሲዮኖች ጥለውት ከሄዱት አሮጌ መጽሔት የቆረጥከው ፎቶ፤ ከመጀመሪያዎቹ ኦሎምፒኮች በአንዱ በጥንድ ጀልባ ቀዘፋ የተወዳደሩ፣ ጢማቸው ከጀልባቸው የሚሰፋ ሁለት ሰዎች። ማን እንዳሸነፈ የሚናገረው ገጽ ተቀዷል። አንተ ግን አሸንፈዋል ብለህ ወሰንክ። እንዲህ ሆኖ ጀልባ በዓይኑ ያላየ የስፖርት አስተማሪ ሆሳዕና ላይ ቀዘፋ ማስተማር ጀመረ።

በቀበሌው አዳራሽ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎችህን ሁለት ሁለት አድርገህ፣ እንደ ፎቶው ጀርባቸውን ወደሚሄዱበት አዙረህ፣ አግዳሚ ላይ ታስቀምጥና ለእያንዳንዳቸው የመጥረጊያ እንጨት ታስይዛቸው ነበር። አንዱ ከጓደኛው አብልጦ ከሳበ «ጀልባዋ ዞረች!» ትላለህ። ፊደልም እንደዚሁ ነው፣ የቀደመው የዘገየውን ይጠብቀው፤ ትምህርትህ ይኸው ነበር። ከተማሪዎችህ በዕድሜ የሚበልጡት አባባ ትርካሶ «አንተ ልጅ፣ የምንሄድበትን በጀርባችን እያየን ወዴት ነው የምትወስደን?» ሲሉህ አዳራሹ ሳቀ። የቀበሌው ጓድ ሊቀመንበር አልሳቁም።

ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ስሄድ «እስቲ ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ አረጋግጪልኝ» አልከኝ። አረጋገጥኩ። የምስክር ወረቀት በሚታደልበት ዕለት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሰዎችህ መጨረሻ መውጣታቸውን ነገርኩህ። መጽሐፍ ያነበበ ሰው የሚስቅለት ካገኘ ምሕረት አያውቅም። ጓድ ሊቀመንበር «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ያስቀዘፍከን ከተሸናፊ ጋር ነው?» አሉ፤ አዳራሹ አውካካ፤ አንተም ሳቅህ። በማግስቱ ፎቶውን ከአዳራሹ ግድግዳ አወረድከው። አግዳሚው ላይም ከዚያ በኋላ ማንንም አላስቀመጥክም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቆላ ወረድክ፣ ወባ ይዘህ መጣህ፣ አልተነሣህም።

ላምቤቦ፣ መጽሐፉ ያንን ብቻ አልነበረም የሚለው። ከሰዎችህ አንዱ ግማሽ መንገድ ላይ አቅሙ ከዳው። ሌላው ብቻውን ቢስብ ጀልባዋ ትዞራለች፤ ስለዚህ መቅዘፊያውን አንሥቶ ጓደኛው ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀው። አሸናፊዎቹ ልብስ ለውጠው ሲወጡ እነሱ ገና ይቀዝፉ ነበር። ጨረሱት።

ቤት ስንገባ ልነግርህ አስቤ ነበር። ቤት ስንገባ አኮረፍክ፤ አንተ ካኮረፍክማ ብዬ እኔም አኮረፍኩ። ከዚያ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሆነ።

የፊታችን እሑድ አዳራሹ ሄጄ፣ ያን ቀን በሳቁት ሰዎች ፊት፣ የቀረውን እነግራቸዋለሁ። ጓድ ሊቀመንበር ከፈለጉ ይሳቁብኝ። አንተ ሳታነብ የገባህን እኔ አንብቤ ደበቅኩህ፤ ይህን በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም፣ አንተንም።

ሚስትህ አስቴር